የአጥር ላይ እሸት

(የመግቢያ ዜማ፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

ክረምቱ ደጅ ላይ ደርሷል። ገበሬው ሞፈርና ቀንበሩን ሲያሰናዳ፣ እኛም የእጅ መዳፍ የምታህል ጓሮ ያለን ሰዎች መደባችንን የምናበጅበት ጊዜ ነው። ስለ ጓሮ ሲወራ ታዲያ አብዛኛው ሰው የሚነግረኝ አንድ ነገር ነው፦ «ቦታ የለኝም።» እኔም መልሼ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «አጥርስ የለዎትም?»

አጥር ካለ ቦታ አለ። አራት ሜትር አጥር ሁለት ሜትር ቁመት ቢኖረው ስምንት ካሬ ሜትር ፀሐይ የሚመታው ማሳ ማለት ነው። የሚያስፈልገው ወደ ላይ የሚወጣ ሰብል ብቻ ነው። የዛሬው ወሬያችንም ስለዚሁ ነው፤ እየተጠመጠመ ስለሚወጣ፣ እሸቱም ደረቁም ስለሚበላ ሐረግ። በተለይ ደግሞ የገዛ አፈራችን ስላበቀለውና እኛ ስለረሳነው።

እኔ ባደግሁበት ግቢ፣ በሽንት ቤቱ በኩል ባለው አሮጌ የባሕር ዛፍ አጥር ላይ አንድ ሐረግ ነበር። ማንም ሲዘራው አላየሁም። በመስከረም አጥሩን ወይን ጠጅ ቀለም ያለው አበባ ያለብሰው ነበር። እኛ ልጆቹ አበባውን እየቀጠፍን በክር እንሰካለን፤ አያቴ ደግሞ «ተዉ፣ እሸቴን ጨረሳችሁት!» እያሉ ይቆጡናል። በቤታችን «የአጥር አደንጓሬ» ነበር የሚባለው፤ ሌላ ስም እንዳለው አላውቅም ነበር። በኅዳር ሲደርቅ አያቴ ይለቅሙትና ማታ ይዘፈዝፉታል። ሲነጋ ውሃውን ይደፋሉ፤ ከዚያ ቀቅለው ያንንም ውሃ ይደፋሉ። ለምን እንደሚደፉት ስጠይቃቸው «ይህ ውሃ የሰው አይደለም» ብለው ዝም። ሳይንሱ የሚለውን ያነበብኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ አያቴ ልክ ነበሩ። ወደዚያ እንመለሳለን።

ያ ሐረግ በምርምሩ ዓለም ላብላብ ይባላል። በአገራችን በየቦታው በየቋንቋው የራሱ ስም አለው፤ ስለዚህ በስሙ ከምትፈልጉት በመልኩ ብትፈልጉት ይሻላል። ቅጠሉ እንደ ቦሎቄ ሦስት ሦስት ሆኖ ይወጣል። አበባው ወይን ጠጅ ወይም ነጭ ነው፤ ከቅጠሉ በላይ ቀጥ ብሎ በቆመ ዘንግ ላይ ይደረደራል። ዛላው ጠፍጣፋ ነው፤ እንደ ማጭድ ጎበጥ ብሎ ጫፉ ላይ ትንሽ ምንቃር አለው። ዋናው መለያ ግን ፍሬው ላይ ነው። ጥቁር ይሁን ቡናማ ወይም ነጭ፣ በአንድ ጠርዙ በኩል ረዘም ያለ ነጭ መስመር ተነሥቶ ይታያል። ፊት ላይ እንዳለ ነጭ ቅንድብ ነው። ቦሎቄ ይህ የለውም። አንዴ ያየ ሰው አይሳሳትም።

አሁን የአገር ልጅነቱን ላንሣ። የእሸት ሐረግ ሲባል ቀድሞ በሐሳባችን የሚመጣው ቦሎቄ ነው። ቦሎቄና ዘመዶቹ ግን የአሜሪካ አህጉር ተወላጆች ናቸው፤ ኮሎምበስ እ.ኤ.አ. በ1492 ባሕሩን ካቋረጠ በኋላ ነው ወደ አፍሪካ የመጡት። በቆሎም እንደዚሁ ነው። በርበሬያችንም ሳይቀር! ይህን የምለው ቦሎቄን ለማሳነስ አይደለም፤ ያለ በርበሬ የኛን ወጥ ማን ያስበዋል? ዘመናት አብሮን የኖረ እንግዳ ቤተሰብ ነው። ግን ለእንግዳው ቦታ ስንለቅ የቤቱን ልጅ ከጓሮ አስወጥተነዋል፤ የኔ ቅሬታ እዚህ ላይ ነው።

የቤቱ ልጆች ላብላብና ላም አተር ናቸው። ሁለቱም አፍሪካውያን ናቸው። ላብላብ በዱር የሚበቅሉ ዘመዶቹ ዛሬም በምሥራቅ አፍሪካ ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 የአፍሪካ ተመራማሪዎች በስፋት የተሳተፉበት አንድ ቡድን የላብላብን ሙሉ የዘር መዋቅር አንብቦ ውጤቱን አሳትሟል። እዚያ ላይ የተገለጸውን ሳነብ ስለኛ አጥር የተጻፈ ነበር የመሰለኝ። ላብላብን ሰው ከዱር ወደ ማሳ ያመጣው አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም፤ ሁለት ጊዜ፣ ከሁለት የተለያዩ የዱር ወገኖች ነው። አንደኛው በዛላው ውስጥ አራት ያህል ፍሬ የሚይዘው ነው፤ ዓለምን የዞረው እሱ ነው። ሁለተኛው በዛላው ሁለት ፍሬ ብቻ የሚይዘው ሲሆን፣ ይህ ሁለት ፍሬ ያለው ወገን የሚታወቀው ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። እና አድማጮቼ፣ በአጥራችሁ ወይም በጎረቤታችሁ አጥር ላይ ያንን ባለ ነጭ ቅንድብ ሐረግ ካገኛችሁ ዛላውን ከፈት አድርጉና ቁጠሩ። ሁለት ከሆነ፣ በሌላው ዓለም ገበያ የማታገኙትን ዘር ነው የያዛችሁት።

ባለ አራት ፍሬው ግን ሩቅ ሄዷል። ከ3,500 ዓመት በፊት ገደማ ደቡብ ሕንድ ደርሶ ነበር፤ በዚያ በቁፋሮ ከተገኙ ጥንታዊ እህሎች መካከል አለ። ዛሬ በዚያው ያለችው የባንጋሎር ከተማ ሰው የብርዱ ወራት ሲደርስ እሸቱን በጉጉት ነው የሚጠብቀው። በጎረቤታችን ኬንያ ደግሞ ኪኩዩዎች ንጃሂ ይሉታል። ጥቁር ሆኖ ነጭ ቅንድቡ ጎልቶ የሚታይ ነው፤ ለአራስ የሚቀርብ ምግብ ነው፤ በኛ ቤት ለአራስ ገንፎ እንደሚገነፋ ማለት ነው። በቅኝ ግዛቱ ዘመን ግን አስተዳደሩ ለውጭ ገበያ የሚሆኑ የቦሎቄ ዓይነቶች እንዲዘሩ እየገፋ ስለሄደ ንጃሂ ከማሳው ቀስ በቀስ ጠበበ። ያቆዩት ሴቶቹ ናቸው፤ ለወለደች ልጃቸው ስለሚያስፈልግ ከጓሯቸው አላጠፉትም። እኛ ቅኝ ያልተገዛን ሰዎች የራሳችንን ማን እንዳስጣለን ሳስበው ያሳዝነኛል። ማንም አላስጣለንም። ዝም ብለን ተውነው። በኮንሶ እርከኖች ላይ ግን ላብላብ ከማሽላው ጋር እንደተደባለቀ አለ። እነዚያ እርከኖች እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገቡ ስለ ድንጋዩ ካብ ብዙ ተወርቷል፤ በካቡ መካከል የሚወጣው እህል ግን እምብዛም አልተወራለትም።

(አጭር የክራር ዜማ)

እሺ፣ ወደ ሥራው እንግባ። መጀመሪያ የምትኖሩበትን አገር አየር ጠባይ አስቡ። ሞቃት ቆላ ላይ ያላችሁ፣ ለምሳሌ በጋምቤላ ወይም በደቡቡ ቆላ፣ ላም አተር የናንተ ነው። ሙቀት ይወዳል፣ ድርቅ ይችላል፤ ለጋ ቅጠሉ እንደ ጎመን ይበላል፤ ፍሬው መሐሉ ላይ ጥቁር ዓይን ያለው ነው። ወይና ደጋ ያላችሁ ላብላብ ዝሩ፤ ሥሩ ጠልቆ ስለሚሄድ ዝናቡ ሲያቆም ሌላው ሲጠወልግ እሱ አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። እንደ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ የምትኖሩ ደግሞ ላብላብ ይበቅልላችኋል፣ ግን ይዘገያል፤ ውርጭም አይወድም። ስለዚህ ጠዋት ፀሐይ የሚያገኝ፣ ነፋስ የማይመታው፣ የቤት ግድግዳ ሙቀቱን የሚያቆይለት ቦታ ምረጡለት። ከጎኑ ቀይ አበባ የሚያወጣውንና ትልልቅ ፍሬ ያለውን አደንጓሬ ብትጨምሩ ብርዱን እሱ ይችለዋል፤ የትውልድ አገሩም የመካከለኛው አሜሪካ ደጋ ነው። አደንጓሬ የሚለው ስም፣ መቼም ታውቁታላችሁ፣ ካንዱ አገር ወደ ሌላው ሲሄድ ይለወጣል፤ ባንዱ ቤት አደንጓሬ የሆነው በሌላው ቦሎቄ ነው። ዘር ስትለምኑ ፍሬውን አይታችሁ ተቀበሉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ ላስገባ፤ ልጆች ያሏችሁ በደንብ ስሙኝ። እንደ አደንጓሬ እየተጠመጠመ የሚወጣ፣ ፍሬው ደማቅ ቀይ ሆኖ ጫፉ ላይ ጥቁር ነጥብ ያለበት ትንሽ ሐረግ በቆላው ቁጥቋጦ ውስጥ ይገኛል። ፍሬው ስለሚያምር ለጌጥ ይሰካል። ከተሰበረ ወይም ከታኘከ ግን ገዳይ መርዝ ነው። ስለዚህ ከጫካ ያገኛችሁትን፣ ሰው ሲበላው አይታችሁ የማታውቁትን የሐረግ ፍሬ ወደ ድስት አታስጠጉት። ዘር የሚወሰደው ከሚያውቅ ሰው እጅ ነው።

አዘራሩ ቀላል ነው። መሬቱን አንድ ክንድ ያህል ቆፍራችሁ አላሉት፤ የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት ደባልቁ። ክረምቱ ኃይለኛ በሆነበት አገር መደቡን ከፍ አድርጉት፤ እነዚህ ሐረጎች የቆመ ውሃ ይገድላቸዋል። በየጉድጓዱ ሁለት ሁለት ፍሬ፣ ከሦስት ሳንቲ ሜትር በማይበልጥ ጥልቀት፤ በጉድጓዶቹ መካከል ግማሽ ሜትር ያህል ተዉ። ፍሬዎቹ በቅለው ሁለት ቅጠል ሲያወጡ ደካማውን በመቀስ ቁረጡት እንጂ አትንቀሉት፤ ስትነቅሉ የቀሪውን ሥር ታናጋላችሁ። ላብላብን ሰኔ ላይ ብትዘሩት ክረምቱን ሲወጣና ሲንዠረገግ ይከርማል፤ ቀኑ እያጠረ ሲመጣ ያብባል፤ እሸቱ ከጥቅምት ጀምሮ ይደርሳል። ከጎመን ጋር አታወዳድሩት። ነሐሴ ላይ «ቅጠል ብቻ ነው» ብላችሁ እንዳትቆርጡት።

ኮንዶሚኒየም የምትኖሩም አልተረሳችሁም። የማዳበሪያ ከረጢት ወይም አናቱ የተቆረጠ ትልቅ ጀሪካን፣ ከታች ውሃ የሚያወጣ ቀዳዳ ካለውና አፈሩ ቢያንስ ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ካለው፣ ሁለት ሐረግ ይችላል። ከበረንዳው ብረት እስከ ላይ ሲባጎ ወጥሩለት።

መወጣጫው ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ቀርከሃ ቢገኝ መልካም፤ የባሕር ዛፍ ቀጭን እንጨትም ይበቃል። ምስጥ ባለበት አገር እንጨቱ ወደ መሬት የሚገባውን ጫፍ በእሳት ለብልቡት፤ ከሰል የሆነውን ምስጥ ቶሎ አይደፍረውም። የጥንት የቤት አናጢዎች ብልሃት ነው። ሁለት ሜትር ከመሬት በላይ ይውጣ፣ ግማሽ ሜትር ይቀበር። ቅጠል የለበሰ ሐረግ ነፋስ ሲመታው እንደ ሸራ ነው፤ ደካማ እንጨት ሰብሮ ይወድቃል። በቆሎ የሚዘሩ ደግሞ በቆሎውን መጀመሪያ ጉልበት ድረስ አሳድገው ከሥሩ ሐረጉን ይዘሩታል፤ አገዳው ራሱ መወጣጫ ይሆናል።

አወጣጡን በዐይናችሁ ተመልከቱት፤ ከልጆቻችሁ ጋር። ቻርልስ ዳርዊን፣ ያ የእንግሊዝ የተፈጥሮ ተመራማሪ፣ እ.ኤ.አ. በ1865 ስለ ተጠምጣሚ ዕፅዋት ትልቅ ጥናት አሳትሟል። ቤቱ ተቀምጦ የሐረግ ጫፎችን በሰዓት ይከታተል ነበር፤ የቦሎቄ ጫፍ የሚጠመጠምበትን ነገር ፍለጋ በአየር ላይ አንድ ሙሉ ዙር ለመዞር ሁለት ሰዓት ገደማ እንደሚፈጅበት ለካ። እናንተም ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ጫፉ ወዴት እንደሚያመለክት መሬት ላይ በጠጠር ምልክት አድርጉ። በየግማሽ ሰዓቱ ሌላ ጠጠር አስቀምጡ። እኩለ ቀን ሳይሆን ልጆቻችሁ አትክልት እንደሚንቀሳቀስ በገዛ ዐይናቸው ያያሉ። ቦሎቄና አደንጓሬ ከላይ ሆናችሁ ስታዩአቸው የሰዓት ዘንግ ከሚዞርበት በተቃራኒ ነው የሚዞሩት። ስለዚህ የወደቀ ሐረግ አንሥታችሁ እንጨቱ ላይ ስትጠመጥሙት በራሱ አቅጣጫ ጠምጥሙት። በግድ በሌላው በኩል ብትጠመጥሙት በማግሥቱ ተፈትቶ ታገኙታላችሁ፤ እሱ መንገዱን ያውቃል።

ማዳበሪያን በተመለከተ የራሴን ጥፋት ልናገር። በመጀመሪያው ዓመት የራሴን አጥር ስዘራ «ይጠንክርልኝ» ብዬ ዩሪያ አደረግሁበት። ሐረጉ ጣሪያ ላይ ወጣ፣ ቅጠሉ የሰው ፊት አከለ፤ ጎረቤት ሁሉ አደነቀ። በጥቅምት ግን አጥሩን ሙሉ ፈልጌ ሁለት እፍኝ ዛላ አላገኘሁም። ምክንያቱን ያስረዱኝ አንድ የግብርና ባለሙያ ናቸው። የምንተነፍሰው አየር አብዛኛው፣ ከመቶው 78 እጅ፣ ናይትሮጂን ነው። አትክልት ግን ከአየር በቀጥታ ሊወስደው አይችልም። እነዚህ ሐረጎች ሥራቸው ላይ ጥቃቅን ባክቴሪያዎችን አስጠግተው ይኖራሉ፤ እነሱ ናይትሮጂኑን ከአየር እየያዙ ለሐረጉ ይሰጡታል፤ ሐረጉም ስኳሩን ያካፍላቸዋል። ዩሪያ ናይትሮጂን ነው። እኔ በነፃ ሳፈስለት ሐረጉ ባክቴሪያዎቹን አልፈለጋቸውም፤ ጉልበቱም ሁሉ ወደ ቅጠል ሄደ። እና ዩሪያውን ለበቆሎ ተዉለት። ለሐረጉ ፍግና እፍኝ አመድ ይበቃዋል።

ባክቴሪያዎቹ መኖር አለመኖራቸውን መመርመር ትችላላችሁ። ማበብ ሲጀምር አንዱን ሐረግ በጥንቃቄ ከነሥሩ ንቀሉ፤ ሥሩ ላይ እንደ ዶቃ የተደረደሩ እባጮችን ታገኛላችሁ። አንዱን በጥፍራችሁ ክፈቱት። ውስጡ እንደ ሥጋ ቀላ ካለ ሥራ ላይ ናቸው ማለት ነው፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ አልሠሩም። ካልሠሩ ደግሞ ይህ ዓይነት ሰብል ሲበቅልበት ከኖረ ማሳ ሁለት ሦስት እፍኝ አፈር አምጥታችሁ በሚቀጥለው ዓመት ከዘሩ ሥር አድርጉ። መኸሩ ሲያልቅም ሐረጉን ከመሬቱ ጋር አስተካክላችሁ ቁረጡት እንጂ አትንቀሉት፤ ሥሩ እዚያው ይበስብስ። በቀጣዩ ዘመን እዚያ የምትተክሉት ጎመን ይመሰክርላችኋል። ላብላብስ ውርጭ ካላገኘው ዳግመኛም ያቆጠቁጣል።

ክሽክሽ ለጋ ጫፉ ላይ ቢወጣ በጠዋት በውሃ ግፊት አጥቡት፤ በጣም ከበዛ ጫፉን ቆርጣችሁ ጣሉት። ከዚህ በላይ ብዙ አያስቸግርም።

(አጭር የክራር ዜማ)

አሁን ወደ ወጥ ቤት ገባን፤ አያቴም እዚህ ናቸው የሚጠብቁን።

እሸቱ ዛላው ጠፍጣፋ ሆኖ ፍሬው ውስጡ ገና ሳያብጥ ነው የሚቀጠፈው። ጫፍና ጫፉን ሰብራችሁ ጅማቱን ሳቡት። ከዚያ እንደ ፋሶሊያ ነው፦ ቀቅላችሁ ውሃውን ካፈሰሳችሁ በኋላ በቀይ ሽንኩርት፣ በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ ጠበስ አድርጉት። ለጾም ከካሮት ጋር ግሩም ነው። ጥሬውን ግን አትብሉት፤ ልጆችም አጥሩ ሥር ቆመው እንዳይግጡት ንገሯቸው።

ደረቁ ፍሬ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የላብላብ ደረቅ ፍሬ፣ በተለይ ጥቁሩና ጠቆር ያለው፣ ሲፈጭና ሲታኘክ ሲያናይድ የሚያወጡ ንጥረ ነገሮች አሉበት። አትደንግጡ፤ ካሳቫም እንደዚሁ ነው፤ የምንበላውም አሠራሩን ስለምናውቅ ነው። የጎጃም እናቶች ግብጦን ቆልተው ለቀናት በውሃ ካልዘፈዘፉ አያቀርቡትም፤ መራራውን ውሃ ይወስደዋል። ላብላብም ያንኑ እጅ ነው የሚፈልገው፣ ቀለል ባለ መልኩ። ማታ በብዙ ውሃ ዘፍዝፉት፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ያህል ይደር። ሲነጋ ውሃውን ድፉ። ቅርፊቱ በእጅ ሲታሽ የሚለቅ ከሆነ አሽታችሁ አውጡት። በአዲስ ውሃ ጣዱት፤ ክዳኑን ክፈቱት፤ ሲያናይድ በእንፋሎት ስለሚወጣ መውጫ ያግኝ። ከደህና መንተክተክ በኋላ ያንን ውሃ ድፉት። አያቴ «የሰው አይደለም» ያሉት ይህ ውሃ ነው። ከዚያ በሦስተኛ ውሃ እስኪለሰልስ ቀቅሉት።

ደጋ የምንኖር ሰዎች አንድ ተጨማሪ ነገር አለብን። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በመቶ ዲግሪ አይደለም፤ በዘጠና ሁለት ገደማ ነው፤ ከፍታው ነው ምክንያቱ። ስለዚህ በቆላ የሚበቃው የመቀቀያ ጊዜ ለኛ አይበቃም። ፍሬውን በሁለት ጣት ስትጫኑት ያለ ትግል ካልፈረሰ አልበሰለም።

ስለ ቦሎቄም፣ በተለይ ስለ ቀዩ፣ ያንኑ ያህል አጥብቄ ልናገር። ጥሬው ወይም ያልበሰለው ቀይ ቦሎቄ ጥቂት ፍሬ እንኳ ከተበላ በሰዓታት ውስጥ ኃይለኛ ትውከትና ተቅማጥ ያመጣል። ቢያንስ አምስት ሰዓት ተዘፍዝፎ፣ ውሃው ተደፍቶ፣ በአዲስ ውሃ በኃይል መንተክተክ አለበት። ይህን የምለው በተለይ ከባሕር ማዶ ለምታዳምጡን ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ ብዙ ቤት በዝግታ የሚያበስል የኤሌክትሪክ ድስት አለ፤ ጠዋት ጥደው ለሥራ ይወጣሉ። ያ ድስት ሙቀቱ ዝቅተኛ ስለሆነ መርዙን አያጠፋውም፤ እንዲያውም ከጥሬው ሊያብሰው ይችላል። መጀመሪያ ምድጃ ላይ በኃይል አፍሉት፣ ከዚያ ወደዚያ ድስት ገልብጡት። እናንተው ደግሞ ላብላብ በጓሯችሁ ዘርታችሁ «ቅጠል ብቻ ሆነብኝ፣ ሲያብብ ውርጩ ደረሰበት» የምትሉት ምክንያቱ የቀኑ ርዝመት ነው። የሰሜኑ በጋ ቀኑ ረጅም ነው፤ የኛ ዘር ደግሞ ቀን ሲያጥር ነው የሚያብበው። እዚያው አገር የሚሸጠውንና ፈጥኖ የሚያብበውን ዓይነት ፈልጉ፤ ዘር በሻንጣ ይዞ ድንበር መሻገርም ያለ ፈቃድ የተከለከለ ነው።

የበሰለውን እንዴት ትበሉታላችሁ? ንፍሮ አድርጉት፣ ከስንዴ ጋር በጣም ይስማማል። ፈጭታችሁ በቀይ ሽንኩርትና በበርበሬ ወጥ ሥሩት፤ ከሽሮው ወፈር ይላል፤ ጣዕሙ ደግሞ ወደ ለውዝ ያደላል። እኔ በበኩሌ ንፍሮውን በጨውና በትንሽ ዘይት፣ ገና ትኩስ ሳለ፣ እመርጣለሁ።

የመጨረሻው ጉዳይ ዘሩ ነው። እዚህ ላይ አንድ ሰው ማንሣት ግዴታዬ ነው፤ ዶክተር መላኩ ወረደ። እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመውን፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የምንለውን የዘር ማዕከል ለዓመታት የመሩ ሳይንቲስት ናቸው። ዘር በማቀዝቀዣ ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳና በገበሬው ጎተራ ጭምር መኖር አለበት ብለው ስለደከሙ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለው ዓለም አቀፍ ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። በአዲስ አበባ ያለው የዓለም አቀፉ የእንስሳት ሀብት ምርምር ተቋም የዘር ባንክም የላብላብ ዘሮችን በቅዝቃዜ ይጠብቃል። ግን በቅዝቃዜ ያለ ዘር አየሩንና ተባዩን አይለምድም፤ ወደ ወጥ ቤትም አይደርስም። ያ የኛ ድርሻ ነው።

ስለዚህ ከሁሉ ቀድሞ ያበበውን፣ ብዙ ዛላ የያዘውንና በሽታ ያልነካውን ሐረግ ምረጡና ግንዱ ላይ ቀይ ጨርቅ እሰሩበት። ጨርቅ ከታሰረበት ማንም እሸት አይቀጥፍ። ዛላው ሐረጉ ላይ እንዳለ ይድረቅ፤ ስትነቀንቁት ሲንኮሻኮሽ ልቀሙት። ፍሬውን በጥርስ ነክሳችሁ ሞክሩት፤ ምልክት ካልያዘ ደርቋል።

ከዚያ ጠላቱ ነቀዝ ነው። እንቁላሉን ገና ማሳ ላይ ሳለ ዛላው ላይ ይጥላል፤ እናንተ የምታስቀምጡት ንጹሕ የሚመስል ፍሬ በውስጡ ትል ሊኖረው ይችላል። በደንብ የደረቀውን ፍሬ ደረቅ በሆነ የፕላስቲክ ጠርሙስ እስከ አንገቱ ሙሉት፤ ክፍት ቦታ አትተዉ፤ ክዳኑን አጥብቁት። ነቀዙ ውስጥ ያለችውን ጥቂት አየር ይጨርሳታል። ነቀዝ ውሃ አይጠጣም፤ የሚያስፈልገውን እርጥበት የሚያገኘው በአየሩ እየታገዘ ከሚበላው ምግብ ነው፤ ስለዚህ አየር ሲያልቅበት ደርቆ ይሞታል። ለብዙ እህል የምንጠቀምበት ሦስት ድርብ ያለው ፒክስ ከረጢትም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ጠርሙሱን እስክትዘሩ ድረስ አትክፈቱት፤ ለማየት እንኳ።

ከጠርሙሱ በፊት ግን አንድ እፍኝ አስቀሩ፤ በወረቀት ጠቅልላችሁ ላይዋ ላይ የዘራችሁበትን ወርና የአበባውን ቀለም ጻፉባት፤ ለጎረቤታችሁ ስጡ። የኔ አጥር ላይ ያለው ዘር ከአያቴ አጥር የመጣ አይደለም። ያ ግቢ ተሸጦ፣ አጥሩ ፈርሶ፣ የድንጋይ ግንብ ሆኗል። ከብዙ ዓመት በኋላ ሄጄ የቀድሞ ጎረቤታችንን፣ አንዲት እማማን፣ ስጠይቃቸው ከጓዳ ገብተው በአሮጌ የቡና ቆርቆሮ የተቀመጠ ዘር ይዘው ወጡ። «አያትህ ናቸው የሰጡኝ፤ አንተ ያኔ አበባውን ትቀጥፍ ነበር» አሉኝ። ዛላው ሲደርስ ከፍቼ ቆጠርሁት። ሁለት ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት ስለ አንጮቴ ወሬ ይዘን እንቀርባለን።

(የመዝጊያ ዜማ)